የከበሮ ምት በኮምፒዩተር ሲቃና

በመርካቶ ምን አለሽ ተራ በርሜልና ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ ባለሙያዎች የመዶሻ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ጥቂት ቆም ብሎ ያዳመጠ ሰው ድምፁ የራሱ ስልት እንዳለው ይገነዘባል። ሆኖም በሚሊ ሰከንድ ቢለካ በምትና በምት መካከል ያለው ጊዜ ፍጹም እኩል ሆኖ አይገኝም። የሰው እጅ ጠባይ ይህ ነው። የዚያው ገበያ ሙዚቃ ቤቶች በካሴት፣ ኋላም በሲዲ ሲያሠራጯቸው በኖሩት ብዙ ዘፈኖች ውስጥ የሚሰማው የኪቦርድ ከበሮ ግን ቅንጣት አይዛነፍም። ለመሆኑ ማሽኑ ምቱን ምን ያደርገዋል?

እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካዊው ሮጀር ሊን ኤልኤም-1 የተሰኘውን የከበሮ ማሽን ለገበያ አቀረበ። ማሽኑ ተጫዋቹ የመታውን እያንዳንዱን ምት በአቅራቢያው ወደሚገኘው የጊዜ ነጥብ ይስበው ነበር። ይህ አሠራር ኳንታይዜሽን ይባላል። የፊዚክስ ተማሪዎች ቃሉን ከኳንተም ጋር ቢያዛምዱት አልተሳሳቱም፤ በአቶም ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን የተወሰኑ የኢነርጂ እርከኖች ብቻ እንደተፈቀዱለት ሁሉ፣ ምቱም የሚያርፍባቸው ነጥቦች የተወሰኑ ናቸው።

የከበሮ ማሽን ወደ እኛ ሙዚቃ ለመግባት ብዙ አልዘገየም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ አንድ አልበም ቀርጿል። በእኛ አስተያየት ያ ሥራ ሕይወት ያገኘው በማሽኑ ላይ በነጻነት ከሚሄደው አኮርዲዮን ነው።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በችክችካ ነው። በችክችካ አንዱ ዐቢይ ምት ለሦስት ንዑስ ክፍሎች ይከፈላል። በደቂቃ 120 ዐቢይ ምቶች ቢኖሩ አንዱ 500 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ሦስተኛው ንዑስ ምትም በ333ኛው ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይጀምራል። ፕሮግራሙ ዐቢዩን ምት ለአራት እንዲከፍል ተዘጋጅቶ ከሆነ ግን የተፈቀዱት ነጥቦች 0፣ 125፣ 250 እና 375 ብቻ ናቸው። ምቱ ወደ 375 ይገፋል፤ 42 ሚሊ ሰከንድ ዘገየ ማለት ነው። ይህ ቀላል አይደለም። ፍሪበርግና ሱንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሩብ ሰከንድ ባጠረ ልዩነት በሚከታተሉ ድምፆች ውስጥ 6 ሚሊ ሰከንድ ያህል መዛነፍ እንኳ በጆሮ እንደሚለይ አሳይተዋል።

«ታዲያ ለሦስት ይከፈል!» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አያበቃም። ከበሮ መቺው ሦስተኛውን ምት ዘወትር በ345 ላይ ቢያሳርፍስ? ማሽኑ ወደ 333 ሲመልሰው ያረመው ስሕተት ነው ወይስ ያጠፋው ለዛ? ራይነር ፖላክ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ማሊ የጄምቤ ከበሮ ባሳተመው ጥናት የንዑስ ምቶቹ አለመተካከል ሥርዓት ያለው የስልቱ አካል መሆኑን በልኬት አስረድቷል።

የሙዚቃ ፕሮግራሞች ለዚህ ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው በከፊል መሳብ ነው፤ ኃይሉ 50 በመቶ ሲሆን በ345 ያረፈው ምት 339 ላይ ይቆማል። ሁለተኛውና የምንመርጠው ፍርግርጉን ራሱን ከተጫዋቹ እጅ መቅዳት ነው። ለዚህ ከመርካቶ የተገዛ ከበሮ፣ አንድ ጥሩ መቺ፣ ማይክሮፎንና ኮምፒዩተር ይበቃሉ። ድምፁ በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲቀረጽ እያንዳንዱ ሚሊ ሰከንድ 44 ያህል ናሙናዎች ስለሚይዝ የምቱ መነሻ በሞገዱ ሥዕል ላይ በግልጽ ይታያል። ከዚያ መነሻዎቹን መመዝገብና አማካያቸውን ማስላት ነው። ቢያንስ 100 ዐቢይ ምቶች ይለኩ፤ በ10 ምት አማካይ የመቺውን ጠባይ ከእጅ ስሕተት መለየት ያስቸግራል።