ማንኪያ ላይ የሚቆም ገንፎ

ከልጁ ድስት አንድ ማንኪያ ቅዱና ማንኪያውን አዘንብሉት። ወዲያው ጅው ብሎ ከፈሰሰ አጥሚት ነው። ትንሽ ቆይቶ ቁርጥ እያለ ከወደቀ ገንፎ ነው። ስድስት ወር ለሞላው ልጅ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለእናቶች ይህን ሲያሳዩ፣ ነገሩ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ሰምቶ ያልፈዋል። ግን ሒሳብ አለው፤ እርሳስና ወረቀት ይዞ ቁጭ ብሎ የሚሠራ።

የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በክብደቱ ልክ ነው፤ በኪሎ 30 ግራም ያህል። 7 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሆዱ ጢም ሲል የያዘው 210 ግራም ነው ማለት ነው፤ አንድ የውሃ ብርጭቆ ገደማ። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ልጅ እናቱ ደኅና አድርጋ እያጠባችውም ቢሆን፣ ከሌላ ምግብ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ማግኘት አለበት። ከ9 እስከ 11 ወር 300 ይሆናል፤ ዓመት ከሞላው በኋላ 550።

አሁን አጥሚቱን እንመዝን። 100 ግራም አጥሚት ውስጥ ያለው ዱቄት 10 ግራም ቢሆን፣ የሚሰጠው ጉልበት 35 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። 200 ለመድረስ ልጁ ከ550 ግራም በላይ መጠጣት አለበት፤ ሆዱን በቀን ሦስት ጊዜ ያህል እስከ አፉ መሙላት። ጡቱንስ የት ያስገባዋል? ዱቄቱን እጥፍ አድርገን ትንሽ ቅቤ ጣል ብናደርግበት ግን 100 ግራሙ 80 ይደርሳል፤ 250 ግራም ይበቃል፣ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ተበልቶ የሚያልቅ። አጥሚት የሚጠጣው ልጅ ሆዱ ተነፍቶ፣ አግስቶ፣ ተኝቶ ስለሚታይ የጠገበ ይመስላል። ሆዱ ሞልቷል፤ ሰውነቱ ግን ተርቧል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል፤ ቁመት ወደ ኋላ መቅረት በብዛት የሚብሰውም በዚሁ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው።

ታዲያ እናት ለምን ታቀጥናለች? እህል ስለሚያጥራት ብቻ አይደለም። ዱቄት በውሃ ሲፈላ በውስጡ ያሉት የስታርች ቅንጣቶች ውሃ እየመጠጡ ያብጣሉ። ከአምስት እጅ አንዱ ዱቄት የሆነበት ገንፎ ለአዋቂ ይሆን እንደሆነ እንጂ፣ መዋጥ ገና እየተማረ ላለ ልጅ ከላንቃው ይጣበቅበታል። ይተፋዋል። እናት ውሃ ትጨምራለች፤ አሁን ዋጠ። ነገም እንደዚያው ታደርጋለች። አጥሚቱ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ እናትን መውቀስ ነገሩን አይፈታውም።

የሚፈታው ሳያቀጥኑ ማለስለስ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ቅቤ ወይም ዘይት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ወደ 40 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ ከዚያ ሁሉ 100 ግራም አጥሚት ይበልጣል፣ ገንፎውንም ያላላዋል። ለአንድ ጊዜ ምግብ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ከበዛ ልጁ በስብ ብቻ ይጠግብና ለሌላው ቦታ ያጣል። (ለአራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥ የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ይቅር።) ሁለተኛው በውሃ ፈንታ በወተት ማብሰል ወይም ገንፎው ሊወጣ ሲል የተመታ እንቁላል አስገብቶ እስኪበስል ማማሰል ነው።

ሦስተኛውን ጠላ የምትጠምቅ ሁሉ በእጇ ይዛዋለች፤ ብቅል ነው። ይህን ያህል ብቅል የሚያበቅል አገር ለልጅ ገንፎ ብዙም ሲጠቀምበት አለመታየቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እህል ሲበቅል ቡቃያውን የሚመግበው በውስጡ ካከማቸው ስታርች ነው። ስታርች ደግሞ እንደ ዶቃ ክር ረጅም ሆኖ የተሰካ ነገር ስለሆነ፣ ዘሩ ክሩን የሚቆራርጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያመነጫል። ይኸው አሚሌዝ ትኩስ ገንፎ ውስጥ ሲገባ ያበጠውን ስታርች ይቆራርጠዋል፤ የተቆረጠው ውሃ አዝሎ መያዝ ስለማይችል ገንፎው በደቂቃዎች ውስጥ ይላላል። ውሃ አልተጨመረበትም፤ ዱቄቱም ያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገብስ፣ ስንዴ ወይም ዳጉሳ ተለቅሞና ታጥቦ አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል። ውሃው ተጠንፍፎ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ይበቅላል። ከዚያ በፀሐይ ደርቆ፣ ሥሩ በእጅ ታሽቶ በሰፌድ ይበጠርና ይፈጫል። ሻጋታ ከታየበት ይጣል፤ ታጥቦም አይዳንም። ገንፎው ወፍሮ ከበሰለ በኋላ ከእሳት ወርዶ መፍላቱን ሲተው፣ ገና ትኩስ እያለ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምሮ ማማሰል ነው። እየፈላ ከተጨመረ አሚሌዙ ሳይሠራ ይሞታል፤ የተቆላ ብቅልም በዚሁ ምክንያት ዋጋ የለውም። ከላላ በኋላ ግን ድስቱ ወደ እሳት ተመልሶ አንድ ጊዜ ይንተክተክ፤ እህሉ እርጥብ ሆኖ በሰነበተባቸው ቀናት የተባዙትን ጀርሞች የሚገድላቸው ይህ ነው። እዚህ ላይ የማንኪያው ፈተና ይሸወዳል፤ በብቅል የላላ ገንፎ ከማንኪያው ይፈስሳል፣ ጉልበቱ ግን አልጎደለም። ፈተናው የሚለካው መፍሰሱን እንጂ የዱቄቱን መጠን አይደለምና።

ወደ ዱቄቱ እንምጣ። ዛሬ ዛሬ በየሱቁ ያለው ምጥን ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ አምስት ዓይነት እህል አለው እየተባለ ነው የሚሸጠው። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ በቆሎ ተቀላቅለው የሚሰጡት ከአንዱ ብዙም አይለይም፤ ሁሉም የእህል ዘር ናቸው፣ የሚጎድላቸውም አንድ ዓይነት ነው። ላይሲን የተባለው የፕሮቲን አካል ያንሳቸዋል። ያንን የሚሞላው ጥራጥሬ ነው፤ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር፣ አኩሪ አተር። በፈንታው ጥራጥሬ የሚያንሰውን እህሉ ይሞላለታል። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ፤ ሁለት ዓይነት ብቻ ቢሆንም ዐሥራ ሁለት ዓይነት እህል ያለ ጥራጥሬ ከተፈጨበት ይሻላል። ጥራጥሬው ተቆልቶ ቢከካ ለሆድም ይቀላል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተሠራው ፋፋ እንኳ መሠረቱ ይኸው ነበር፤ እህልና ጥራጥሬ፣ ላዩ ላይ የወተት ዱቄትና ቫይታሚን።

ምጥን ብቻውን የማይወጣው ነገር ብረት ነው። በወሩ የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ብረት አከማችቶ ይመጣል፤ የጡት ወተት ብረት ትንሽ ስለሆነ ስድስት ወር አካባቢ ክምችቱ ይመናመናል። ምግብ ከሚጀመርባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በአሜሪካ የሥነ ምግብ መለኪያ ከ7 እስከ 12 ወር ያለ ልጅ በቀን 11 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልገዋል፤ አዋቂ ወንድ 8። ያቺ ትንሽ አፍ ከአባቷ አፍ የበለጠ ብረት ትጠይቃለች ማለት ነው። ጤፍና ጥራጥሬ ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረቱን አንቆ ይይዘዋል። መዘፍዘፍ፣ ማብቀልና ማቡካት ፋይቴቱን ይቀንሱታል። ስለዚህ የምስር አልጫ በደንብ ከቦካ ሊጥ በተጋገረ እንጀራ ተፈትፍቶ፣ በማንኪያ ተድጦ ሲሰጥ የድሃ ምግብ ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ከብዙ የሱቅ ምጥን ይሻላል፣ ቃሪያና በርበሬ ካልገባበት፣ ጨውም ካልበዛ። ብርቱካን ወይም ፓፓያ ቢከተለው ቫይታሚን ሲው ብረቱን ለአንጀት ያቀልለታል። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ለልጅ ዳቦ በሻይ መንከር የተለመደ ነው፣ መተው ያለበትም ነው። ከሁሉ በቀላሉ የሚወሰደው የሥጋና የጉበት ብረት ነው፤ በደንብ የበሰለና የደቀቀ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጉበት ብዙ ይሠራል።

ጾም ሲገባ እዚህ ላይ ችግር ይመጣል። ሕፃን ጾም እንደሌለበት ሁሉም ያውቃል። ግን ቤት ውስጥ እንቁላልና ወተት ካልተገዛ፣ ድስቱም እንዳይገደፍበት ከተፈራ፣ ልጁ ሳይጾም ጾመ ማለት ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ስምንት ወር ለሆነው ልጅ የዕድሜው ሩብ ገደማ ነው። ለልጁ ብቻ የሚሆን አንዲት ትንሽ ድስትና ማማሰያ ለይቶ ማስቀመጥ ነገሩን ይጨርሰዋል።

ስለ ጊዜው ብዙ አልልም። አያት «እኛ እኮ በአራት ወር ነው የጀመርነው» ቢሉ ልክ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከአራት እስከ ስድስት ወር የሚል ነበር፣ ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ የተባለው በ2001 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ ዕድሜ በፊት ብዙውን ጊዜ የልጁ ምላስ ራሱ ወደ አፉ የገባውን ጠጣር ነገር ወደ ውጭ ይገፋል። አንገቱን ችሎ፣ ተደግፎ ተቀምጦ፣ የእናንተን ጉርሻ በዓይኑ ተከትሎ እጁን ሲሰድድ ጊዜው ደርሷል። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ በቀን ሁለቴ ብሎ መጀመር ነው፤ ጡቱ ሳይቋረጥ። ዘጠኝ ወር ሲሞላው ሦስት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ብርጭቆ ያህል፣ መሐል ላይ ደግሞ መክሰስ። እዚያ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ሁሉን ነገር አልሞ መስጠት መቅረት አለበት፤ በሹካ የተደፈጠጠ ድንች፣ በእጁ የሚይዘው ለስላሳ የበሰለ ካሮት ያስፈልገዋል፣ አለበለዚያ ማኘክን የሚማረው ዘግይቶና እየታገለ ነው።

እየበላ ድንገት «እኽ» ብሎ ፊቱ ቢቀላ ቤቱን አታሸብሩት። የሕፃን የማቅለሽለሽ ስሜት ከአዋቂው ይልቅ ወደ ምላሱ ፊት ቀረብ ያለ ስለሆነ ጉርሻው ጉሮሮ ሳይደርስ ይመልሰዋል። የሚያስፈራው ድምፅ የሌለው ነው፤ ማልቀስም ማሳልም ካቃተው ታንቋል። ኮሎ፣ ያልተፈጨ ለውዝ፣ ሙሉ የወይን ፍሬ ለዚህ ነው የማይሰጡት። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በጭራሽ፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ዘር አዋቂን ባይነካም የሕፃኑን አንጀት አግኝቶ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። አፍንጫ ይዞ በመዳፍ መጋት የሚባለውም ነገር መቅረቱ ተገቢ ነው፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ልጁም ማንኪያ ባየ ቁጥር አፉን ይገጥማል። ፊቱን ካዞረ ጠግቧል፤ ቆይቶ ይሞከር።

ሥራ የሚገቡ እናቶች ጠዋት የሠሩትን ገንፎ በፔርሙዝ ትተው ይሄዳሉ፤ ሞግዚቷ እስከ ማታ እየቀዳች ትሰጣለች። ፔርሙዝ ለልጅ ምግብ መጥፎ ዕቃ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ወርዶ ለብ ሲል ጀርም በጣም የሚወደው ሙቀት ላይ ይቆያል፤ የእህል ገንፎ ደግሞ ምርጥ ምግቡ ነው። ደረቁን ዱቄት ለክቶ ትቶ መሄድና በየምግቡ ሰዓት ማሠራት ይሻላል። የተሠራው ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ አዋቂ ይብላው። በጡጦ ከመስጠት በስኒና በማንኪያ፤ የጡጦ ጫፍ ውስጥ የተረፈውን አጥሚት ማንም በደንብ አጥቦ አያወጣውም።

አለርጂ የሚፈሩ ወላጆች እንቁላልና ለውዝን ዓመት እስኪሞላው ያዘገያሉ። ሐኪሞችም ቀድሞ እንዲያ ይሉ ነበር። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ባምባ የሚባለውን የለውዝ መክሰስ ያውቁታል፤ እዚያ ብዙ ሕፃን ገና በጨቅላነቱ ይልሰዋል። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት ለውዝ ዘግይተው የሚጀምሩ በእንግሊዝ ያሉ የአይሁድ ልጆች ከእስራኤሎቹ ዐሥር እጥፍ ያህል የለውዝ አለርጂ እንዳላቸው አሳየ። ቀጥሎ 640 ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት ለሁለት ተከፍለው እስከ አምስት ዓመታቸው ክትትል ተደረገላቸው፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ ሲወጣ ቀድመው የጀመሩት ላይ አለርጂው በ80 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። ስለዚህ ለውዙ ደቅቆ ወይም የለውዝ ቅቤው በገንፎ ተበጥብጦ፣ በመጀመሪያው ቀን በሻይ ማንኪያ ጫፍ ይሰጥ። ከባድ የቆዳ ችፌ ያለበት ወይም እንቁላል ያሳበጠው ልጅ ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። አዲስ ነገር የሚሞከረው ጠዋት ነው እንጂ ማታ አይደለም፤ ከንፈሩ ቢያብጥ ወይም ሰውነቱ ሽፍ ቢል ጤና ጣቢያው ክፍት በሆነበት ሰዓት ይሁን።