የጓሮው ቶርኖና ማኅበረተኞቹ

በእንግሊዝ አገር፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመነ መንግሥት ፍጻሜ ላይ፣ ቀኑን በጸሐፊነት ወይም በሒሳብ ያዥነት ውሎ፣ ማታ ከቤቱ ጓሮ በምትገኘው ጠባብ ዛኒጋባ ውስጥ መብራቱን አብርቶ ናስና ብረት የሚሞርድ ሰው ጥቂት አልነበረም፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ይደክም ስለ ነበረ፣ አንዱ በብዙ ልፋት የደረሰበትን ብልሃት ሌላው ሳይሰማው ቀርቶ ያንኑ ልፋት ከሀሁ ጀምሮ ይለፋው ነበር። ይህ መለያየት ያሳዘነው ፐርሲቫል ማርሻል የተባለ ሰው በጥር ወር 1898 (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሞዴል ኢንጂነር» የተሰኘውን መጽሔት አወጣ፤ በዚያው ዓመትም በለንደን ከተማ፣ ታላላቁን ሞተር አሳንሰው፣ ነገር ግን እንደ ታላቁ ሆኖ እንዲሠራ አድርገው በገዛ እጃቸው የሚያበጁ ሰዎች የሚገናኙበት ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ በደቡብ ለንደን፣ ሄርን ሂል በተባለው ሰፈር፣ በማርሻል ስም የተሰየመ ቤት አለው።

በጥንቱ የአንጥረኞች ልማድ የሙያው ምሥጢር ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ፣ ከባዕድም የሚሰወር ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን እንጀራቸው በዚህ ሙያ ላይ ስላልተመሠረተ የሚሰውሩበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ እንዲያውም አንድ ሥራ ተፈጸመ የሚባለው ሌላ ሰው ከንድፉና ከጽሑፉ ብቻ ተነሥቶ ያንኑ ለመሥራት ሲችል ነው የሚል፣ በየትኛውም መተዳደሪያ ደንብ ያልሰፈረ፣ ነገር ግን ሁሉም የተቀበሉት ሕግ አበጁ። ስለ እነርሱ የሚነገረው ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ ሕግ የሚመነጭ ይመስለኛል።

የዛኒጋባዋ ንጉሥ ቶርኖ ነው። በአገራችንም ቢሆን በቶርኖ ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው አሠራሩን በዓይኑ ሳያየው አይቀርም፤ ብረቱ በመንጋጋ ተይዞ ይሽከረከራል፣ መቁረጫውም ቀስ እያለ በጎኑ ሲጓዝ ይልጠዋል። የመሣሪያው ጥበብ በሙሉ የሚገለጠው ግን የብሎን ጥርስ ሲወጣበት ነው። ብረቱን የሚያሽከረክረው ዋናው ዘንግና መቁረጫውን ተሸክሞ የሚሄደውን ክፍል የሚገፋው መሪ ዘንግ በጥርሳም መዘውሮች አማካይነት የተያያዙ ናቸው። መሪው ዘንግ ራሱ በአንድ ኢንች 8 ጥርስ ያለው ቢሆን፣ ሠሪውም በአንድ ኢንች 16 ጥርስ ያለው ብሎን ለማውጣት ቢያስብ፣ ዋናው ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር መሪው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲዞር ማድረግ ይገባዋል፤ ስለዚህ ባለ 30 ጥርሱን መዘውር ከዋናው፣ ባለ 60 ጥርሱን ከመሪው ጋር ያጋጥማል። በሁለቱ መካከል የሚገባው መዘውር ርቀቱን ይሞላል እንጂ የጥርሱ ቍጥር በሒሳቡ ውስጥ አይገባም። በዚህ ዓይነት፣ ጥቂት መዘውሮችን ብቻ በመለዋወጥ፣ የብሎን ዓይነት ሁሉ ይወጣል።

ሜትርን የሚከተል ብሎን ኢንችን በሚከተል ቶርኖ ላይ ለማውጣት የፈለገ እንደ ሆነ ግን አንድ ልዩ መዘውር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ባለ 127 ጥርሱ ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር በመሆኑ፣ ይህም በአምስት ቢባዛ 127 ስለሚሆን፣ 127 ደግሞ ከአንድና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል ቍጥር ስለ ሆነ፣ ፍጹሙን ልክ የሚፈልግ ሰው በትናንሾቹ መዘውሮች ሊተካው አይችልም። ሁለት አገሮች በልዩ ልዩ ክንድ መለካታቸው ያመጣው ችግር በአንዲት የብረት መዘውር ላይ ተጠቃልሎ መታየቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የብሎን ጥርስ በእንዲህ ያለ እርግጠኛነት የሚወጣበትን ቶርኖ በ1800 ገደማ በለንደን ወደ ፍጹምነት ያደረሰው ሄንሪ ሞድስሌይ ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት ብሎኑና ዳዶው እንደ ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው ብቻ ተለክተው የሚሠሩ ነበሩና ቢለያዩ ሌላ የሚስማማቸው አይገኝም ነበር። ይህ ጥበብ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ጓሮ እስኪገባ ድረስ ረጅም ዘመን ፈጀ። በኖቲንግሃም አጠገብ፣ ቢስተን በምትባል ከተማ የነበረው የማይፎርድ ኩባንያ በ1946 ያወጣው «ኤም ኤል ሰባት» የሚባለው ትንሽ ቶርኖ በእንግሊዝ የጓሮ ሠሪዎች ዘንድ እጅግ የተወደደ ሆነ፤ እስከ 7 ኢንች ስፋት ያለውን ብረት ለማሽከርከር የሚበቃ፣ በአንድ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይም የሚቀመጥ ነው። ኩባንያው በ2011 ቢዘጋም ቶርኖዎቹ ግን መዞራቸውን አላቆሙም፤ ምክንያቱም ያረጀውን መሣሪያ ማደስ ራሱ ከማኅበረተኞቹ ዋና ተግባራት አንዱ ነው።

እድሳቱን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ትዕግሥት ምን እንደ ሆነ ይገባዋል። የቶርኖው አልጋ፣ ማለትም መቁረጫው የሚመላለስበት ሐዲድ፣ በብዙ ዓመት አገልግሎት ወደ መንጋጋው የቀረበው ወገኑ ይበላል፤ ይህንም በዓይን ማየት አይቻልም። ሠሪው ፍጹም ልሙጥ በሆነ ወፍራም ሰሌዳ ላይ እጅግ ስስ ሰማያዊ ቀለም ይቀባና የሚያርመውን ክፍል በላዩ ያሸዋል፤ ቀለሙ የሚይዘው ከፍ ባለው ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ብራና ፋቂ በተወጠረው ቆዳ ላይ እንደሚያደርገው በእጅ መፋቂያ ያንን ነጥብ ብቻ ነካ አድርጎ ይፍቀዋል፤ እንደ ገና ይቀባል፣ እንደ ገና ያሻል፣ እንደ ገና ይፍቃል። ሰማያዊዎቹ ነጥቦች መጀመሪያ ሦስት ወይም አራት ሆነው ታይተው፣ በመጨረሻ ገጹን በሙሉ እኩል ሲሸፍኑት ሥራው አበቃ ማለት ነው። በማኅበር ቤቶች የሚደረግ አንድ ልማድ አለ፤ አባላቱ ያልተፈጸመ ሥራቸውን፣ የተበላሸውንም ጭምር፣ ይዘው መጥተው በጠረጴዛ ላይ ይደረድሩና እያንዳንዱ የደረሰበትን ያስረዳል። ከተዋበው ሎኮሞቲቭ ይልቅ የተሰበረው ክፍል ብዙ ሰው ይሰበስባል።

ከመጽሔቱ ጸሐፊዎች መካከል የሁሉንም ዝና የሸፈነው «ኤል ቢ ኤስ ሲ» በሚል የብዕር ስም ይጽፍ የነበረው ከርሊ ሎረንስ ነው። ቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ሆኖ ያገለገለበትን የለንደን፣ ብራይተንና ሳውዝ ኮስት የባቡር ኩባንያ የመጀመሪያ ፊደሎች ነበር ለብዕር ስም የወሰደው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሊቃውንቱ ዘንድ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ በሐዲዶቹ መካከል ሁለት ኢንች ተኩል ብቻ ስፋት ባለው መንገድ ላይ የሚሄድ ትንሽ ሎኮሞቲቭ፣ እንደ ታላቁ በድንጋይ ከሰል ነድዶ የሰው ክብደት ሊጎትት አይችልም፣ በአልኮል ነበልባል የሚሞቅ ቀላል ቦይለር ይበቃዋል የሚሉ ወገኖች ነበሩ። ሎረንስ በቃል መከራከሩን ትቶ «አይሻ» ብሎ የሰየማትን፣ በከሰል የምትነድድ ሎኮሞቲቭ አቀረበ፤ በጥር 1924 በለንደን በተደረገው የሞዴል ኢንጂነር ኤግዚቢሽን ላይም በተቃራኒው ወገን ከቀረበው ሞተር ጋር ተፈትና ሰው ጎተተች። ክርክሩ በዚያው ተዘጋ።

ይሁን እንጂ እንደ እኔ አሳብ የሎረንስ ታላቅ ሥራ አይሻ አይደለችም። ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት እያንዳንዱን ሎኮሞቲቭ ከመጀመሪያው ቍራጭ ብረት እስከ ቀለሙ ድረስ፣ ቶርኖ ነክቶ ለማያውቅ ሰው እንኳ እንዲገባ አድርጎ፣ ከሰው ጋር እንደሚጨዋወት ሆኖ በመጽሔት መጻፉ ነው። ሌሎችም ተከተሉት፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ስም «ዱፕሌክስ» እየተባሉ ስለ መሣሪያ አያያዝ ጻፉ፤ አንዱም በኦሪት ዘፍጥረት የናስና የብረት ሠሪ ሆኖ የተጠቀሰውን የቱባልቃይንን ስም ለራሱ ወሰደ። በወጡት ንድፎች ሁሉ ስሕተት አልጠፋም፤ የቀዳዳ ልክ ይዛነፋል፣ አንዱ ዘንግ ከሌላው ጋር ይጋጫል። ስሕተቱን ግን ሠርቶ የደረሰበት አንባቢ ለመጽሔቱ በደብዳቤ ያስታውቃል፣ ተከታዩም ሠሪ እርማቱን በንድፉ ኅዳግ ላይ ይጽፋል፤ ስለዚህ ብዙ እጅ ያለፈበት አሮጌ ንድፍ ከአዲሱ ይልቅ የታመነ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ሥራ ጨዋታ የሌለበት አንድ ነገር ቢኖር ቦይለር ነው። ትንሹ ቦይለር ከመዳብ ተቈርጦ በብር ብየዳ የሚያያዝ ሲሆን፣ በሰው እግር መካከል ተቀምጦ በአንድ ስኩዌር ኢንች 80 ፓውንድ ያህል ግፊት ይሸከማል። ስለዚህ የማኅበሩ መርማሪ ሳያየው በሕዝብ ፊት እሳት አይነድድበትም። የመጀመሪያው ፈተና በእንፋሎት ሳይሆን በቀዝቃዛ ውሃ ይደረጋል፤ ቦይለሩ አየር እስከማይቀርበት ድረስ ውሃ ይሞላና ግፊቱ በእጅ ፓምፕ ከሥራው ግፊት እጥፍ እስኪሆን ይጨመርበታል። ውሃ ሲታመቅ እንደ እንፋሎት ኃይልን በውስጡ የማያከማች በመሆኑ፣ ብየዳው ቢከፈት ጥቂት ጠብታ ይፈስሳል እንጂ ፍንዳታ አይደርስም። መርማሪው መለኪያውን ብቻ ሳይሆን የቦይለሩን ጎንና የብየዳውን መስመርም ይመለከታል፤ መርፌው ሳይወርድ፣ መዳቡም ሳያብጥ ከቆየ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ፈተናውም በየጊዜው ይደገማል።

ታላላቆቹን አሮጌ የእንፋሎት መኪናዎች ለሚያፈቅሩት ደግሞ ታሪኩ የጀመረው በውርርድ ነው። በ1950 በአፕልፎርድ መንደር፣ አርተር ናፐር የተባለ ገበሬ በእንፋሎት የሚሄደውን የእርሻ መኪናውን ከአንድ ወዳጁ መኪና ጋር በአንድ ትንሽ በርሜል ቢራ አስይዞ አሽቀዳደመና አሸነፈ። በዚያ ወቅት እነዚህ መኪናዎች በናፍጣ ትራክተር ተተክተው በቍርጥራጭ ብረት ዋጋ እየተሸጡ ወደ ማቅለጫ ይሄዱ ነበር፤ እሽቅድምድሙን ሊያይ የሚመጣው ሕዝብ በየዓመቱ እየበዛ በመሄዱ ግን በ1954 የባለንብረቶቹ ብሔራዊ ክበብ ተመሠረተ፣ ከጥፋትም የተረፉት ብዙ ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ወደ አገራችን ያስገባው፣ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ያለው መኪና ከዚሁ ወገን ነው፤ ያለ ሐዲድ በመንገድ ላይ በእንፋሎት የሚሄድ።

አንድ ማኅበረተኛ ሲሞት መሣሪያውን የማያውቅ ነጋዴ በርካሽ እንዳይወስድባቸው ጓደኞቹ ወደ ቤቱ ሄደው ለሚስቱ ወይም ለልጆቹ ዋጋውን ይገምቱላቸዋል። ቶርኖው ፈላጊ አያጣም። ችግር የሚሆነው በግማሽ የቀረው ሎኮሞቲቭ ነው። የሚገዛው ሰው ንድፉን ዘርግቶ ሟቹ የሠራውን እያንዳንዱን ክፍል እንደ ገና ይለካል፤ የተስማማውን ያስቀራል፣ ያልተስማማውን ከአዲስ ብረት ይቈርጣል። ጎማዎቹና ሲሊንደሮቹ በመለኪያ ሊታመኑ ይችላሉ፤ በሥራው ጊዜ መርማሪ ያላየው፣ መዳቡ ከየት እንደ ተገዛ የሚያስረዳ ወረቀት የሌለው ቦይለር ግን ብየዳው ምንም ያህል ቢያምር በብዙ ማኅበር በቀላሉ አይፈቀድም፤ በዚህም ምክንያት ሎኮሞቲቩን ከነቦይለሩ ገዝቶ ቦይለሩን እንደ ገና ከአዲስ መዳብ ለመሥራት የሚገደድ አለ።