ቀኝና ግራ፦ ወንበር ነው ወይስ ሚዛን?

ባለፈው ሰሞን ለማስተማር ልምምድ ከወጡት ሠልጣኞች አንዱ የሥነ ዜጋ ትምህርት ሲሰጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ረዥም መስመር አሰመረ። በግራው ጫፍ «ለውጥ ፈላጊ»፣ በቀኙ ጫፍ «ወግ አጥባቂ»፣ ከመሀል ላይ ደግሞ «ለዘብተኛ» ብሎ ጻፈ። ልጆቹም በየደብተራቸው ገለበጡ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሂትለርን የት ነው የምናደርገው? ስታሊንንስ? ሁለቱም ሰው ፈጅተዋል፤ ታዲያ ለምን አንዱ ከወዲያኛው ጫፍ፣ አንዱ ከወዲህኛው ጫፍ ይቀመጣሉ?» ስትል ጠየቀችው። ጓደኛችን ግራ ገባው። (ቋንቋችንም ቢሆን «ግራ ገባኝ» ይላል እንጂ «ቀኝ ገባኝ» ሲል ሰምተን አናውቅም።) እንደ ዕድል ሆኖ ደወል ተደወለና ተገላገለ።

ማታ በመኝታ ክፍል ክርክሩ ተነሣ፤ መብራት እስኪጠፋ ድረስም ዘለቀ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ትራፊ ነው። ጸሐፊው ወደ ወግ አጥባቂዎች አስተሳሰብ የሚያደላ መሆኑን ከአሁኑ ይወቁለት፤ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው ዕትም መልሱን ይለጥፍ።

እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር። ቀኝና ግራ የሚባለው ነገር የመጣው ከፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን ከወንበር አቀማመጥ ነው። በ1789 (የውጭ አገር ዘመኖችን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በፈረንሳይ አገር፣ በቬርሳይ ከተማ የተሰበሰበው ብሔራዊ ሸንጎ በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር አንድ ከባድ ጥያቄ ገጠመው። ይኸውም ሸንጎው ያወጣውን ሕግ ንጉሡ የመሻር ሥልጣን፣ ማለትም ቬቶ የሚባለው፣ ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚል ነበር። ይኑረው ባዮቹ ከሊቀ መንበሩ በስተቀኝ፣ አይኑረው ወይም ይቀነስበት ባዮቹ በስተግራ እየሆኑ መቀመጥን ለመዱ። ከሚጯጯኹት ሰው አጠገብ ተቀምጦ መዋል አይመችማ! ሴፕቴምበር 11 ቀን ድምፅ ሲሰጥ 673 ሰዎች ንጉሡ ሕግን ለጊዜው ሊያዘገይ ይችላል እንጂ ጨርሶ ሊሽር አይችልም አሉ፤ 325ቱ በዚህ አልተስማሙም።

በቀኝ ከተቀመጡት መካከል ዣን ዦሴፍ ሙኒዬ የሚባል የግሬኖብል ሰው ነበር። ይህን ሰው ልብ ይበሉት። ሰኔ ወር ላይ የሸንጎው አባላት የመሰብሰቢያ አዳራሻቸው ተዘግቶባቸው በአንድ የኳስ መጫወቻ ቤት ተሰብስበው፣ ለአገሪቱ ሕገ መንግሥት ሳናቆም አንበተንም ብለው ሲማማሉ፣ መሐላውን ያቀረበው እርሱ ራሱ ሙኒዬ ነው። በሰኔ የንጉሡን ፈላጭ ቆራጭነት የተቋቋመ ሰው በመስከረም «ቀኝ» ተባለ። ሐሳቡን ለውጦ ነውን? የለም። ሙኒዬ የሚሻው እንደ እንግሊዝ ያለ፣ ንጉሥና ሁለት ምክር ቤቶች እርስ በርሳቸው የሚገታቱበት ሥርዓት ነበር። እርሱ ካለበት አልተንቀሳቀሰም፤ አዳራሹ ነው በሥሩ የዞረው። በዚያው ዓመት ከሸንጎው ወጣ፣ በ1790ም አገሩን ጥሎ ተሰደደ።

አዳራሹ ግን መዞሩን አላቆመም። ባርናቭ የተባለው ተናጋሪ በ1789 ከግራዎቹ ግንባር ቀደም ነበር። በ1791 በተመረጠው አዲስ ሸንጎ ውስጥ የእርሱ ሐሳብ ተከታዮች፣ ሕገ መንግሥታዊ ንጉሥ ይኑር የሚሉት፣ በቀኝ ተቀመጡ። በዚያ ሸንጎ በግራ የነበሩት እነ ብሪሶ ደግሞ በ1792 በተተካው ሸንጎ ቀኝ ሆኑ። ብሪሶና ባልደረቦቹ ኦክቶበር 31 ቀን 1793 በጊዮቲን አንገታቸው ተቀላ፤ ባርናቭ በወሩ ተከተላቸው። በአራት ዓመት ውስጥ የትናንቱ ግራ የዛሬ ቀኝ ይሆናል፣ የዛሬው ቀኝ ነገ አይኖርም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ነው እኛ በማስመሪያ አስምረን ለልጆች ሚዛን ነው ብለን የምንሰጠው።

በእንግሊዝ ፓርላማ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ መንግሥቱን የያዘው ፓርቲ በአፈ ጉባኤው ቀኝ፣ ተቃዋሚው በግራ ይቀመጣል። ምርጫ ተደርጎ መንግሥት ሲለወጥ ቦታ ይለዋወጣሉ። ወንበሩ ማን ሥልጣን ላይ እንዳለ ይናገራል እንጂ ማን ምን እንደሚያምን አይናገርም። እኛም ጋ ቢሆን ቀኝና ግራ ጥንት የቦታ ስም ነበሩ። ቀኝአዝማች የቀኙን ጦር፣ ግራዝማች የግራውን ጦር ይመራሉ፤ ጠላታቸው ግን አንድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ማኅሌትም ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በየተራ ይቀባበላሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ከመቅደስ አያስወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ እንምጣ። የዛሬዎቹ ወግ አጥባቂዎች አባታችን የሚሉት ኤድመንድ በርክ በ1729 በደብሊን ተወለደ። በፓርላማ ውስጥ የንጉሡ ሥልጣን ይገደብ ከሚለው፣ ዊግ ከሚባለው ወገን ነበር። በ1775 የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ሲያምፁ በጦር ከማስገበር መታረቅ ይሻላል ብሎ ተከራከረ። በካቶሊኮች ላይ የተጫነው ሕግ ይላላ ብሎ በመደገፉና ለአየርላንድ ንግድ በመቆሙ መራጮቹ ተቀየሙት፤ በ1780 የብሪስቶል መቀመጫውን አጣ። ከዚያም የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሕንድን ሲመዘብር ዝም አላለም። የቤንጋል ገዥ የነበረውን ዋረን ሄስቲንግስን ከሶ በ1788 ለፍርድ አቀረበው። ክርክሩ ሰባት ዓመት ፈጀ፤ በመጨረሻ ሄስቲንግስ በነፃ ተለቀቀ።

እስቲ ይህን ሰው በሰሌዳው መስመር ላይ አስቀምጡት። ለአሜሪካውያን፣ ለአየርላንዳውያንና ለሕንዶች የተሟገተ ሰው ግራ አይደለም ትላላችሁ? ይኸው ሰው ግን በኖቬምበር 1790 የፈረንሳይን አብዮት የሚያወግዝ መጽሐፍ አወጣ። የቅርብ ወዳጆቹ ሳይቀሩ ከዳን አሉት። መጽሐፉ ሲወጣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ገና በሕይወት ነበር፤ ሽብሩም አልመጣም። በርክ ግን ሠራዊቱ ሥርዓት ሲያጣ አንድ በወታደር የሚወደድ የጦር አለቃ ተነሥቶ ሁሉን ይጠቀልላል ብሎ ጻፈ። ናፖሊዮን ሥልጣን የያዘው ከዚያ በኋላ በዘጠኝ ዓመቱ፣ በ1799 ነው።

በርክ ተገለባበጠ? ጸሐፊው አልተገለባበጠም ባይ ነው። በአራቱም ነገር የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር። ይኸውም «ይህ ሥልጣን ከራሱ በላይ የሆነ ልጓም አለውን?» የሚል ነው። ንጉሡ በአሜሪካ ላይ ልጓሙን ሲበጥስ ተቃወመ፤ ኩባንያው በሕንድ ሲበጥስ ተቃወመ፤ ሸንጎው በፓሪስ የቆየውን ሁሉ ከሥሩ ነቅሎ እኔ ብቻ ነኝ ሲል ያንንም ተቃወመ። ሁለተኛ ጥያቄም ነበረው። «የምንኖርበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ይጠገናል ወይስ ሰው በውስጡ እያለ ይፈርሳል?» የሚል ዓይነት። መስመሩ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱንም አይጠይቅም። መስመሩ የሚጠይቀው «ለለውጥ ምን ያህል ትቸኩላለህ?» ብሎ ነው፤ በዚያ ጥያቄ ደግሞ ወግ አጥባቂ ሁልጊዜ የኋሊት የቀረ ሯጭ ሆኖ ይገኛል። ጥያቄውን ያወጣው ባላጋራው ነዋ!

ሌላም ምሳሌ አለ። በእንግሊዝ የፋብሪካ ሕፃናትንና ሴቶችን የሥራ ሰዓት በሕግ ለመገደብ በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ከታገሉት ዋነኞቹ፣ እንደ ሎርድ አሽሊና ሪቻርድ ኦስትለር ያሉት፣ ወግ አጥባቂ ቶሪዎች ነበሩ። የ1847ቱን የአሥር ሰዓት ሕግ ከተቃወሙት ደግሞ አንዱ በዘመኑ ለውጥ ፈላጊ የተባለው ጆን ብራይት ነው። በጀርመንም የሠራተኛ የሕመም ዋስትናን በ1883፣ የአደጋ ዋስትናን በ1884፣ የጡረታን በ1889 ያቆመው ቢስማርክ ነው። (ቢስማርክ ይህን ያደረገው ሠራተኛውን ከሶሻሊስቶች ለማራቅ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የታመመው ሠራተኛ ገንዘቡን ተቀብሏል።) በ1991 ኦገስት ደግሞ በሞስኮ ጎርባቾቭን ለመጣል የሞከሩትን የኮሚኒስት ፓርቲ ሹማምንት የዓለም ጋዜጦች «ወግ አጥባቂዎች» እያሉ ነበር የጻፉላቸው። የሌኒን ፓርቲ ጠባቂ ወግ አጥባቂ! መስመሩ ካልተሰበረ ምን ይሰበራል?

የልጅቷ ጥያቄ አልተረሳም። አንዳንድ ወግ አጥባቂ ጸሐፊዎች፣ ለምሳሌ ኦስትሪያዊው ኤሪክ ፎን ኩኔልት ሌዲን፣ የሂትለር ፓርቲ ስሙም ሶሻሊስት ነው፣ ሁሉን በመንግሥት ሥር ይጠቀልላል፣ ስለዚህ ቦታው ግራ ነው ይላሉ። ይህ ለክርክር ይጥማል፤ ግን ሸክምን ወደ ጎረቤት ግቢ መወርወር ይመስላል። ሂትለር በጃንዩወሪ 1933 ሥልጣን ላይ ሲወጣ እንቆጣጠረዋለን ብለው በሩን የከፈቱለት እነ ፎን ፓፐን ወግ አጥባቂ ነን ባዮች ነበሩ። ያንን ማፈር ይገባል። የሚሻለው መልስ መስመሩን ትቶ ጥያቄውን መለወጥ ነው። ከሁለቱ ገዥዎች በላይ ምን ልጓም ነበረ? ፍርድ ቤት? ቤተ ክርስቲያን? የሠራተኛ ማኅበር? ቤተሰብ ራሱ ከጆሮ ጠቢ ነፃ ነበር? በሁለቱም አገር መልሱ አንድ ዓይነት ነው። ኦገስት 23 ቀን 1939 ሁለቱ መንግሥታት ውል ሲፈራረሙና ፖላንድን ሲከፋፈሉ በመስመር ላይ እጅግ የተራራቁት ሁለቱ ጫፎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ መኢሶን ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ሲገባ በአንድ ጊዜ «ቀኝ መንገደኛ» ተባለ። የመኢሶን ፕሮግራም እኮ የማርክስ ትምህርት ነው! ኢሕአፓ «አናርኪስት» ሲባል፣ መኳንንቱና ኢዲዩ «አድኃሪ» ተባሉ። ስም የወጣለት ሰው ያመነበት ነገር አልተመረመረም፤ መሀል ከተቀመጠው ምን ያህል እንደራቀ ብቻ ተለካ። በዚያ ልኬት በሺዎች የሚቆጠሩ ሞቱ፤ ከእነርሱም ውስጥ እንደ እኛው ዕጩ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። ሰሌዳ ላይ የምናሰምራት መስመር ቀላል መስላ ብትታየንም ከዚያ ዘመን ሰዎች አጠገብ የተቀመጠ ሰው አይቀልበትም።

ወግ አጥባቂውስ ንጹሕ ነው? አይደለም። የቆየ ነገር ሁሉ ደግ አይደለም። በርክ ራሱ ለውጥን የማይቀበል መንግሥት ራሱንም ማቆየት አይችልም ባይ ነበር። በአገራችን በጭሰኛና በባለርስት መካከል ያለውን ግንኙነት የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግ ለፓርላማው ቀርቦ ነበር። ጭሰኛው ያለ ምክንያት እንዳይነቀል፣ ኪራዩም ወሰን እንዲኖረው የሚል መጠነኛ ጥገና ነው። ባለመሬቶች የሞሉበት ፓርላማ ሲያጓትተው ሲያጓትተው ሳይጸድቅ 1966 ዓ.ም. ደረሰ። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነና ባለርስትነት ራሱ ተሰረዘ። እነዚያ የምክር ቤት አባላት «ቀኝ» ተብለው ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ በበርክ ጥያቄ ሲመዘኑ ግን የሚያፈሰውን ጣሪያ እያዩ ቤቱን ያስፈረሱ ናቸው። በሌላ በኩል እድርን ተመልከቱ። ንጉሡም ሄዱ፣ ደርግም ሄደ፤ እድር ግን ጡሩምባውን እያስነፋ ቀባሪ ይጠራል። መተዳደሪያ ደንቡንም በየጊዜው ያሻሽላል። ይህን በመስመሩ ላይ የት ታስቀምጡታላችሁ?

መስመሩ ከናካቴው ባዶ ነው ማለታችን አይደለም። ጣሊያናዊው ፈላስፋ ኖርቤርቶ ቦቢዮ በ1994 ባወጣው መጽሐፍ ግራና ቀኝን የሚለየው ስለ እኩልነት ያላቸው አመለካከት ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ስለ ግብርና ስለ ደመወዝ ሲወራ ይህ ይሠራል። ሃይክ የተባለው የኤኮኖሚ ሊቅ ደግሞ በ1960 ወግ አጥባቂውን፣ ሶሻሊስቱንና ነፃነት ወዳዱን በሦስት ማዕዘን ጥግ ጥግ ማስቀመጥ ይሻላል አለ። ሦስት ማዕዘኑም ቢሆን ሥዕል ነው፤ ግን ቢያንስ ልጆቹ መስመር ብቻ አለ ብለው አያምኑም።

ጓደኛችን በሚቀጥለው ሳምንት መስመሩን ትቶ ወንበሮቹን አንቀሳቀሰ። «የተማሪዎች ምክር ቤት ያሳለፈውን ውሳኔ ርእሰ መምህሩ መሻር ይችል?» ብሎ ጠየቀ፤ ይችል ያሉትን በቀኝ፣ አይችል ያሉትን በግራ አስቀመጠ። ቀጥሎ «በግቢው ያለው አሮጌ ዋርካ ተቆርጦ የኳስ ሜዳ ይስፋ?» ሲል ግማሹ ክፍል ተነሥቶ ቦታ ተለዋወጠ። ሦስተኛው ጥያቄ «ዋርካው እንዲቆረጥ የሚወስነው ማን ነው?» የሚል ነበር። ያቺ ልጅ ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ አልተቀመጠችም፤ መሀል ላይ ቆማ «ለዚህኛው የትኛው ወንበር ነው?» አለች።