ከጅዳ ወደ አዲስ አበባ፦ ርቀቱ፣ የበረራው ጊዜና በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት

በሳዑዲ ዓረቢያ የምትገኘው የወደብ ከተማ ጅዳና የኢትዮጵያ ርዕሰ ከተማ አዲስ አበባ በአየር የሚራራቁት በ1,410 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም በ39ኛው ዲግሪ ምሥራቃዊ ኬንትሮስ አካባቢ ስለሚገኙ፣ አዲስ አበባ ከጅዳ በቀጥታ ወደ ደቡብ ናት ማለት ይቻላል። ከሪያድ ሲነሡ ግን ርቀቱ ወደ 1,960 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል።

የመንገደኞች ጄት አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ800 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። በዚህ ስሌት የጅዳው ጉዞ ሁለት ሰዓት እንኳ ባልሞላ ነበር። በመርሐ ግብር ላይ የሚሰፍረው ጊዜ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከሪያድ ደግሞ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው አውሮፕላኑ ወደ መንደርደሪያው የሚያዘግምበት፣ ወደ ከፍታ የሚወጣበትና ለማረፍ ፍጥነቱን የሚቀንስበት ጊዜ አብሮ ስለሚቆጠር ነው። በረራው የተፈቀዱ የአየር መስመሮችን ስለሚከተልም በካርታ ላይ ከሚሰመረው ቀጥተኛ መስመር ይረዝማል።

ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ቀጣና ውስጥ ስለሆኑ ተጓዡ የእጅ ሰዓቱን መለወጥ አያስፈልገውም። ዱባይ ግን አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ከዱባይ በ10:00 የተነሣ አውሮፕላን አዲስ አበባ በ13:00 ቢደርስ፣ በትኬቱ ላይ ሦስት ሰዓት ብቻ የሚመስለው ጉዞ በእርግጥ አራት ሰዓት ፈጅቷል።

ብዙ ተጓዦችን የሚያሳስተው ከርቀቱ ይልቅ የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ትኬት የሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በሚቆጠር የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያ ልማድ ደግሞ ቀኑም ሌሊቱም ከ12 ሰዓት በኋላ እንደገና ከአንድ ይቆጠራሉ። በመሆኑም 02:30 ከሌሊቱ 8:30፣ 14:30 ደግሞ ከቀኑ 8:30 ነው። «ስምንት ሰዓት ተኩል» ብቻ ብሎ ለዘመድ መንገር ለሁለቱም ትርጉም በር ይከፍታል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት በሌሊት በረራ ላይ ይደርሳል። በትኬቱ ላይ የሚጻፈው ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ለምሳሌ «ዓርብ 01:30» የሚል ትኬት በአማርኛ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 7:30 ማለት ነው። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ለመገኘት ያሰበ መንገደኛ ሐሙስ ማታ ከምሽቱ 4:30 አየር ማረፊያው መድረስ አለበት። ዓርብ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቢሄድ አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው። አዲስ ትኬት መግዛት፣ አንዳንዴም የመውጫ ቪዛው ቀን ማለፍ ተጨማሪ ወጪና እንግልት ያስከትላል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ተብሎ የተጻፈ ዓርብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ አገር ቤት ለሚጠብቁ ቤተሰቦች መልእክት ሲላክ የሳምንቱን ዕለት፣ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እንዲሁም ሰዓቱ የቀን ወይስ የሌሊት መሆኑን አብሮ መግለጽ ይገባል። ከላይ የተጠቀሰው የጅዳ በረራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ፣ ተቀባዮች በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠብቁት ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይሆናል።