የግብፅ ባቢሎን፤ ወደ ጥንታዊው ምሽግ ለሚጓዙ ቤተ ሰቦች

ወደ ግብፅ ተጕዘው የተመለሱ ምእመናን በካይሮ ምን እንዳዩ ሲጠየቁ፥ እመቤታችን ከልጅዋ ጋራ በስደቷ ወራት ያረፈችበትን ዋሻ፥ የተንጠለጠለች የምትባለውን የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን፥ የቅድስት በርባራንና የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ይቈጥራሉ። እነዚህ ሁሉ ግን በአንድ የሮማውያን ምሽግ ቅጥር ውስጥ እንደሚገኙ፥ አንዳንዶቹም በምሽጉ ግንብ ራስ ላይ እንደ ቆሙ ያስተዋለ ተጓዥ ጥቂት ነው። አስጐብኚዎችም ጊዜ ስለሚያጥራቸው እንግዳውን ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ያቻኵሉታል። እኛ የምንመክረው ተጓዡ አስቀድሞ ግንቡን እንዲያይ፥ ከዚያም በኋላ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ እንዲገባ ነው። ምክንያቱን ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን፤ በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ምሽጉ ባቢሎን ይባላል። ናቡከደነፆር የነገሠባት፥ ሠለስቱ ደቂቅ ወደ እሳት የተጣሉባት ባቢሎን በኢራቅ ምድር ያለችው ናት። ይህች ግን በዓባይ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር፥ ከዛሬዋ ካይሮ መካከል በስተ ደቡብ፥ አሮጌዋ ካይሮ በሚባለው ሰፈር ትገኛለች። ስለ ስሟ አመጣጥ ሊቃውንት አልተስማሙም። ግሪካዊው ጸሐፊ ዲዮዶሮስ ከባቢሎን የመጡ ምርኮኞች የሰየሟት ናት ሲል፥ ሌሎች ደግሞ ግሪኮች የግብፅን ጥንታዊ የቦታ ስም በጆሯቸው እንደ ሰሙት ጠርተውት ነው ይላሉ። ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ፍጻሜ በባቢሎን ካለችው ሰላምታ ሲያቀርብ ይህችን ማለቱ ነው የሚል ትውፊት በግብፃውያን ዘንድ አለ፤ ብዙዎች መተርጕማን ግን በምሥጢር ሮምን መጥራቱ ነው ይላሉ።

ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የላይኛው ግብፅ አልቆ ዓባይ ወደ ባሕር ለመውረድ የሚከፋፈልበት አንገት በዚሁ አካባቢ ስለሆነ፥ ይህን የያዘ ሰው የአገሩን እህልና መርከብ ሁሉ ይቈጣጠራል። ንጉሠ ነገሥት ትራያን በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ቀይ ባሕር የሚደርስ የውኃ ቦይ አስቈፈረ። በ300 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ዲዮቅልጥያኖስ በቦዩ አፍ ላይ ታላቁን ምሽግ አሠራ። በቦዩ ግራና ቀኝ ሁለት ክብ ግንቦች ቆሙ፤ የአንዱ ወርድ ከዳር እስከ ዳር 30 ሜትር ያህል ነው። ግድግዳው ጥቂት ረድፍ ነጭ ድንጋይ፥ ጥቂት ረድፍ ቀይ ጡብ፥ እንደ ገና ድንጋይ፥ እንደ ገና ጡብ እየተደረገ ስለ ተገነባ ከሩቅ ሲያዩት የነጠላ ጥለት ይመስላል።

ዲዮቅልጥያኖስ የሚለው ስም ስንክሳር ሲነበብ ለሚሰማ ሰው እንግዳ አይደለም። በ303 አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፥ ቅዱሳት መጻሕፍትም እንዲቃጠሉ ዐዋጅ ያወጣው እርሱ ነው። የግብፅ ክርስቲያኖች የደረሰባቸውን መከራ ለማስታወስ እርሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምረው ዘመናቸውን ዓመተ ሰማዕታት ብለው ይቈጥራሉ። እንግዲህ ግንቡን ያሠራው ሰው ይህ መሆኑን ዐውቆ የሚሄድ ተጓዥ፥ በቅጥሩ ውስጥ የማንን ስም እንደሚያገኝ ይመልከት። ሰርጊስና ባኮስ የሮማ ጭፍሮች ሳሉ ለጣዖት አንሰግድም ብለው የሞቱ ናቸው፤ በርባራ አባትዋ በግንብ የዘጋባት ብላቴና ናት፤ ጊዮርጊስም ያው ወታደር ነው። አሳዳጁ ለጭፍሮቹ ባዘጋጀው ሰፈር ውስጥ የተሰደዱት ባለ ቤት ሆነዋል። ግንቡን ሳያይ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የገባ ሰው ይህን እንዴት ሊረዳ ይችላል?

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ይበልጡን የእኛው ነው። ይህ ምሽግ በዐረቦች እጅ እንዴት እንደ ወደቀ ለዘመኑ የቀረበ ሰው የጻፈው ታሪክ ዛሬ በዓለም ላይ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። የነቂዩስ ኤጲስ ቆጶስ ዮሐንስ፥ በእኛ ዘንድ ዮሐንስ መደብር የተባለው፥ በ7ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ የኖረ ግብፃዊ ሲሆን መጽሐፉን የጻፈበት የመጀመሪያው ቋንቋ ጠፍቷል፤ ወደ ዐረብኛ የተመለሰውም ጠፍቷል። ከዐረብኛው ወደ ግዕዝ የተተረጐመው በ1602፥ በንግሥት ማርያም ሥና እና በጦር አዛዡ በአትናቴዎስ ትእዛዝ፥ ገብርኤል በተባለ ግብፃዊ እጅ ነው። በፓሪስ ይኖር የነበረው ሊቅ ዞተንበርግ የግዕዙን ንባብ ከፈረንሳይኛ ትርጕም ጋራ በ1883 አሳተመው፤ ቻርልስ የተባለውም በ1916 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ግብፃዊው ራሱ ስለ አገሩ ምሽግ ለማወቅ ሲፈልግ የኢትዮጵያን መጽሐፍ መግለጥ ግድ ይሆንበታል።

ዐምር ኢብን አል-ዓስ ምሽጉን ከ640 መስከረም ወር ጀምሮ ሰባት ወር ያህል ከበበው። በውስጥ የነበሩት የሮም ጭፍሮች የኬልቄዶንን ጉባኤ የሚቀበሉ ነበሩ፤ የግብፅ ሕዝብ ደግሞ የማይቀበል ስለሆነ ፓትርያርኩ አባ ብንያሚን ከአሳዳጆች ሸሽተው በስደት ይኖሩ ነበር። በዚህ መካከል ንጉሡ ሕርቃል በ641 መጀመሪያ ሞተ፤ ወሬውም የተከበቡትን ልብ አቀለጠ። ምሽጉ እጁን የሰጠው በትንሣኤ ማግስት፥ ሰኞ ቀን ነው። ዮሐንስ እንደሚነግረን ሮማውያኑ በትንሣኤ ዕለት በምሽጉ ታስረው የነበሩትን ኦርቶዶክሳውያን ፈቱአቸው፤ ነገር ግን በሰላም አልለቀቋቸውም፥ ገርፈው እጃቸውን ቈርጠው ሰደዷቸው። ጸሐፊው የምሽጉን መውደቅ የሚያየው በዚህ ግፍ ዐይን ነው። ክርስቲያን በክርስቲያን ላይ በበዓለ ትንሣኤ ያደረገውን ካነበቡ በኋላ በዚያ ግንብ ሥር መቆም ልብን የሚከብድ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ተጓዡ ይህን ዐውቆ ቢሄድ ይሻላል እንላለን። ግዕዝ የሚያነብ ሽማግሌ ወይም መምህር በአጠገባችሁ ካለ፥ ከጕዞው በፊት በነበረው ሰንበት ከሰዓት በኋላ ቤተ ሰቡን ሰብስቦ ያን ክፍል ቢያነብና ቢተረጕም ለልጆቹ ከማናቸውም የጕብኝት መጽሐፍ የበለጠ ስንቅ ይሆናቸዋል።

አሁን ወደ ጕዞው ዝግጅት እንምጣ። ወራቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን መልካም ነው፤ በበጋቸው ወራት የካይሮ ሙቀት ለሽማግሌና ለሕፃን አይመችም። ቪዛውን ከመነሻ በፊት ማስጨረስ ያስፈልጋል። መንገዱ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በአስመራ በኩል ወደዚችው ወደ ካይሮ ነበር።

ካይሮ ከደረሱ በኋላ ወደ ምሽጉ ለመሄድ ከሁሉ የሚቀለው የከተማው ባቡር ነው። ከታሕሪር አደባባይ ሥር ካለው ጣቢያ ወደ ሔልዋን በሚሄደው መስመር ተሳፍሮ በአራተኛው ጣቢያ መውረድ ነው፤ የጣቢያው ስም ማር ጊርጊስ፥ ማለት ቅዱስ ጊዮርጊስ ስለሆነ ለመርሳት አያሠጋም። በባቡሩ መካከል ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፉርጎዎች አሉ፤ እናቶችና እኅቶች በዚያ ቢሳፈሩ ግፊያው ይቀልላቸዋል። በመግቢያው ላይ ፍተሻ ስላለ ፓስፖርት መያዝ ይገባል። ለአብያተ ክርስቲያናቱ የመግቢያ ዋጋ አይጠየቅም፤ ለሙዚየሙ ግን ትኬት ይቈረጣል።

ከጣቢያው ሲወጡ ክብ ግንቦቹ ፊት ለፊት ይታያሉ። አንዱ ፈርሶ ውስጡ ተገልጧል፤ በሌላው ራስ ላይ የግሪክ ኦርቶዶክሶች የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቆሞበታል። የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን በ1904 በእሳት ስለ ጠፋ አሁን ያለው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው፤ ቅርጹ ክብ የሆነውም መሠረቱ የሮማውያን ግንብ ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ ቸኵሎ አለማለፍ ነው። የፈረሰውን ግንብ ወደ ታች ሲመለከቱ እግሩ ከዛሬው መንገድ እጅግ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ምድሩ በዘመናት ብዛት ከፍ ብሏልና። ዓባይም ያን ጊዜ የግንቡን እግር ያጥብ ነበር፤ ዛሬ ወደ ምዕራብ ሸሽቷል። ልጆች መርከቡ የት ይቆም ነበር ብለው ቢጠይቁ የቆሙበትን መንገድ ማሳየት ይበቃል።

ከዚያ ወደ ተንጠልጣይዋ ቤተ ክርስቲያን፥ ዐረቦች አል-ሙዐለቃ ወደሚሏት መሄድ ነው። እንዲህ የተባለችው በምሽጉ ደቡባዊ በር ላይ፥ በሁለት ግንቦች መካከል በተጋደመ ወለል ላይ ስለ ተሠራች ነው። በወለሉ ላይ በመስተዋት የተሸፈነ ቀዳዳ አለ፤ በዚያ ቢመለከቱ የበሩ ጥልቀት ከእግር በታች ይታያል። ወደ እርሷ የሚወጣው ደረጃ ብዙ ስለሆነ ጕልበታቸው የደከመ እናቶች እያረፉ ይውጡ፤ ከልጆቻቸውም አንዱ ከእነርሱ ጋራ ይቅር። ፓትርያርክ ክርስቶዶሎስ በ11ኛው መቶ ዓመት መንበሩን ከእስክንድርያ ወደ ካይሮ ካመጣ በኋላ ይህች ቤተ ክርስቲያን እስከ 1300 ግድም የፓትርያርኮች መቀመጫ ሆና ቈይታለች። ስለዚህም በዛጕዌ ነገሥታት ዘመን ከኢትዮጵያ ጳጳስ ፍለጋ የሄዱ መልእክተኞች ልመናቸው የሚደርሰው በዚህ ይቀመጡ ለነበሩት አባቶች ነው። አባ አብርሃም ሦስት ቀን ጾመው የጸለዩት፥ በስምዖን ጫማ ሰፊው እጅም የሙቀጠም ተራራ እንደ ተነሣ የምንሰማው ታሪክ የሚጀምረው በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው።

አንድ ነገር እንዳይታለፍ አደራ እንላለን። በዚህች ቤተ ክርስቲያን በቀኝ በኩል፥ ከምሽጉ ግንብ በላይ በምትገኝ ትንሽ ክፍል፥ በአባታችን በተክለ ሃይማኖት ስም የተሰየመ ጸሎት ቤት አለ። ብዙ አስጐብኚዎች አይጠቅሱትም። ክፍት ሆኖ ባይገኝ ጠባቂውን በትሕትና መጠየቅ ነው፤ የመጡት ከኢትዮጵያ መሆኑንም መንገር ይጠቅማል። ደብረ ሊባኖስን የሚሳለም ምእመን የጻድቁን ስም በሮማውያን ግንብ ላይ ሲያገኘው የሚሰማውን እኛ መጻፍ አይገባንም።

ስለ ሥርዐቱም ጥቂት እንበል። ግብፃውያን ወንድሞቻችን ጫማቸውን የሚያወልቁት ወደ መቅደስ ሲገቡ ነው፤ በቅኔ ማሕሌቱ ተጫምተው በወንበር ሲቀመጡ የሚያይ የእኛ ሰው አይደነቅ፥ አይንቀፍም። ነጠላ ለብሶ መሄድ ምንም ነውር የለበትም። ቅዳሴ ለማስቀደስ የሚፈልግ ከእሑድ ሌላ የአገሩ የዕረፍት ቀን በሆነው በዓርብ ማለዳ መሄድ ይችላል። ቋንቋው ቅብጥና ዐረብኛ ቢሆንም ኪርያላይሶን ሲባል ሁሉም ይገናኛል።

ከሰዓት በኋላ በደረጃ ወርዶ በጠባቡ የድንጋይ መንገድ ወደ ቅዱስ ሰርጊስና ባኮስ ቤተ ክርስቲያን መግባት ነው። ዋሻው ከወለሉ በታች ይገኛል። ቀድሞ የዓባይ ውኃ በሞላ ጊዜ ይጥለቀለቅ ነበር፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የከርሰ ምድሩን ውኃ ለማውረድ በተሠራው ሥራ አካባቢው ከዚህ ችግር ታድጓል። እዚህ ላይ ልጆች፥ እመቤታችን ይህን ትልቅ ግንብ አይታዋለች ወይ፥ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እውነቱ ይነገራቸው፤ ግንቡ የተሠራው እርሷ ከተሰደደች ከ300 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ወደ ግብፅ የገባችበት በዓል ግንቦት 24 ስለሆነ በዚያ ሰሞን የሚሄድ ሰው ሕዝቡ እንደሚበዛ ያስብ።

ጕልበትና ሰዓት ከተረፈ በ1908 ማርቆስ ሲማይካ ያቋቋመው የቅብጥ ሙዚየም በዚያው በምሽጉ ግቢ ነው። ሁሉንም ለማየት መሞከር ድካም ብቻ ያተርፋል። ሌላው ቢቀር በ1984 በአንዲት ብላቴና መቃብር ከራስዋ ሥር ተገኝቶ የወጣውን ጥንታዊ መዝሙረ ዳዊት የት እንደሚታይ ጠይቆ እርሱን ማየት ነው። ሲመለሱም ባቡሩ እስኪመጣ ድረስ ሽማግሌዎቹ በጣቢያው ወንበር ይረፉ፤ ከዚያም ሆነው ክብ ግንቡ ይታያቸዋል።