ልጃችሁ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ሊገባ ነው?

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ወደ አንደኛ ክፍል ሲሸጋገር የሚከብደው ትምህርቱ ብቻ አይደለም። ደወሉ፣ ሰልፉ፣ የተማሪው ብዛት፣ አዲሷ መምህር ሁሉም በአንድ ጠዋት ይመጡበታል። ስለዚህ ዝግጅቱን ለመስከረም አታቆዩት። ነሐሴና ጳጉሜን ላይ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ ባዶ ሳለ፣ ይዛችሁት ሂዱ። በሩንና ክፍሉን ፎቶ አንሱና ማታ ማታ አብራችሁ እዩት። ዩኒፎርሙንም አጥባችሁ ቤት ውስጥ አስለምዱት፤ አዲስ ጨርቅ የሚቆረቁረው ልጅ ብዙ ነው።

መጸዳጃ ቤቱን ግን አደራ! ቤት ውስጥ መቀመጫ ያለው የለመደ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ሲገጥመው ቀኑን ሙሉ ይዞ ሊውል ይችላል። ከዚያ መነጫነጩ «ባለጌ» ያሰኘዋል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ለመምህሯ አንድ ገጽ ጻፉላት፦ ምን ያስደነግጠዋል፣ ምን ያረጋጋዋል፣ ሽንቱ ሲመጣ እንዴት ያሳያል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግማሽ ቀን እንዲማር መጠየቅም ነውር የለውም።