አበጋሩ፣ አድሚኑና ስሙ የማይታወቀው ዳኛ

ወሎ ውስጥ «ማን ያወያየን?» የሚለው ጥያቄ ከኢንተርኔት በፊትም ነበረ። ኮምቦልቻ ዙሪያ፣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ፣ ደም ሲፈስ አበጋር የሚባለው አስታራቂ ይጠራል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ፊቱ ይቀርባል፤ ሥራው ደም ማድረቅ ነው። ተራው ሽምግልናም ወግ አለው። ባለጉዳዮቹ እርስ በርስ ሳይሆን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው ይናገራሉ፤ ነገር የሚያቋርጥ ይገሠጻል። ሁለቱም ከተሰሙ በኋላ «እስቲ ወጣ በሉ» ይባሉና ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ይመክራሉ። ያላመነው ሽማግሌ ያለ ሰው አስቀድሞ «ይቀየርልኝ» ይላል። ሴቶችና ወጣቶች ከዚያ ወንበር መራቃቸው የሥርዓቱ እንከን ነው። ግን ያዳላ ሽማግሌ ሰኞ ገበያ ላይ ከባለጉዳዮቹ ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱ አይቀርም።

የደሴው ሆጤ ሰፈር ልጆች ዛሬ ብዙውን ነገር የሚነጋገሩት ስልክ ላይ ነው። የሰፈር ቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ቢያንስ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፤ ሰው ካስወጣ ማታውኑ የሚወቅሰው ዘመድ ይደውልለታል። ፌስቡክ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሐምሌ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ወደ ወሎ ሲገባ አንድ ተጠቃሚ፣ በራያ ቆቦና በሌሎች አካባቢዎች ሕወሓት ግድያና አስገድዶ መድፈር እንደፈጸመ፣ የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎችም እንደተባበሩ በአማርኛ ጻፈ። የፌስቡክ ኩባንያ አውቶማቲክ ሥርዓት ጽሑፉን ጠቆመ፣ አማርኛ አንባቢ ገምጋሚ አነሣው። ጸሐፊው ይግባኝ አለ፤ ሁለተኛ ገምጋሚ አጸናው። ጉዳዩ ወደ ኩባንያው ተቆጣጣሪ ቦርድ ሲያመራ ኩባንያው «ተሳስቻለሁ» ብሎ መለሰው። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቦርዱ፣ ያልተረጋገጠ ወሬ በጦርነት መሐል ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል ብሎ ጽሑፉ መነሣት እንደነበረበት ወሰነ። በእኔ ግምት ውሳኔው ትክክል ነው። መንገዱ ግን ያሳስባል፤ አንድ ጽሑፍ ወርዶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ለመውረድ አምስት ወር ገደማ ፈጅቷል፤ በዚያ መሐል ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው በጦርነቱ ተይዘው ነበር።

የኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንዲህ ያለ ነገር ጥቆማ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲወርድ ያዛል። ሰዓት መቁጠር ቀላል ነው፤ ጥላቻ የቱ ነው፣ ምስክርነት የቱ ነው የሚለውን መለየት ግን ሰው ይጠይቃል። ፌስቡክ ላይ ግን ያንን ሰው ባለጉዳዩ አያውቀውም፤ ቦርዱም ቢሆን ጉዳዩን የያዙት አባላት እነማን እንደሆኑ አይገልጽም። ይቀየርልኝ የሚባል ሽማግሌ እዚያ የለም።